ግድግዳው ሳይዘጋ ድረሺበት

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1956 የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ሙሉ መታጠቢያ ቤት ያለን ፎቅ ላይ ብቻ ነው፤ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ያለው ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ነው። እናቴ ለገና ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ጉልበቷን ስለሚያማት የገንዳውን ጠርዝ ተሻግራ መግባት አትችልም፤ ስለዚህ ገንዳው ወጥቶ በሻወር እንዲተካ ወሰንን። ሥራውን የያዘልን የባለቤቴ የዕቁብ ጓደኛ ነው። በ18,000 ዶላር ተስማምተን 9,000 በካሽ መጀመሪያውኑ ሰጠነው። ውል አልጻፍንም፤ የሚያውቁትን ሰው «ፈርምልን» ማለት ከበደን።

ሰውየው ገንዳውንና ታይሉን ባንድ ቀን አፈራርሶ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይቀራል። ይኸው ሁለተኛ ወራችንን ይዘናል፤ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ገላችንን የምንታጠበው ዊተን፣ እህቴ ቤት እየሄድን ነው። እስካሁን ወለሉን ከፍቶ የፍሳሽ ቱቦውን አዛውሯል፣ አዲስ የመብራት መስመር ስቧል፣ የአየር ማውጫ ፋንም አስገብቷል፤ የፋኑ ቱቦ ግን ጣራው ሥር ነው የቀረው። አሁን «ቅዳሜ ግድግዳውን እዘጋለሁ፣ 5,000 ጨምሩልኝ» ብሏል። ስለ ፐርሚት፣ ማለትም ስለ ሕንፃ ፈቃድ፣ ስጠይቀው «ለመታጠቢያ ቤት ፐርሚት ምን ያደርጋል? ካውንቲ ከገባበት ስድስት ወር ይፈጃል፣ ታክስሽንም ይጨምሩብሻል» አለኝ። ባለቤቴም «አንዴ ተጀምሯል፣ ይዝጋውና እንገላገል» ይላል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ፐርሚት ያስፈልገን ነበር ወይ? አሁንስ ምን ላድርግ? ደግሞ ገንዳ የሌለው ቤት ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል የሚሉት እውነት ነው?

ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ ቅዳሜ ግድግዳው አይዘጋ። 5,000 ዶላሩም አይሰጥ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ጨርሱ።

ባለቤትሽ «ይዝጋውና እንገላገል» ማለቱ ይገባኛል። ሁለተኛ ወር እስኪያዝ ድረስ ፎጣና የልጆች ልብስ ጠቅልሎ ሰው ቤት መመላለስ ያሰለቻል፤ የእህት ቤትም ቢሆን ያሳቅቃል። ነገር ግን አሁን ቱቦው፣ ሽቦውና የወለሉ እንጨት ለዓይን ተጋልጦ ይታያል። ጥፋት ካለ ዛሬ በጥቂት መቶ ዶላር ይስተካከላል። ድራይዎሉ (የግድግዳው የጂብሰም ሰሌዳ) ከተመታ፣ ታይሉም ከተለጠፈ በኋላ ግን ያንኑ ጥፋት ለማየት ብቻ የከፈላችሁበትን ሥራ መልሳችሁ ልታፈርሱት ነው። እንዲያውም በደብዳቤሽ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ደስ ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰውየው ሥራውን ማጓተቱ ነው።

ፐርሚት ያስፈልጋችሁ ነበር ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ያስፈልጋችሁ ነበር። የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው የት ላይ እንደሚለያይ ግን ብዙ ወገኖቻችን ስለሚሳሳቱ ልዘርዝረው። ቀለም መቀባት፣ አሮጌ ታይል በአዲስ መቀየር፣ ካቢኔትና መስታወት መለወጥ፣ ይኼ ሁሉ ማስዋብ ነው፤ የሕንፃ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ቱቦ ከነበረበት ሲነሳ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ሲሳብ፣ ግድግዳ ሲነቀል ወይም የወለል ተሸካሚ እንጨት ሲነካ ነው ነገሩ የሚለወጠው። እናንተ ቤት ቱቦው ተነስቷል፣ አዲስ መስመርም ተስቧል። ገንዳን በሻወር መተካት ለጆሮ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን የገንዳ ፍሳሽ ከዳር፣ የሻወር ፍሳሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመሃል ስለሆነ ቱቦው መነሳቱ አይቀርም። ቱቦ ተነሳ ማለት ደግሞ ወለል ተከፈተ ማለት ነው።

እናንተ አካባቢ ሰው የሚያደናግረው ፈቃዱ ከሁለት ቦታ መሆኑ ነው። የሕንፃውንና የኤሌክትሪኩን ፈቃድ የሚሰጠው የሞንጎመሪ ካውንቲ የፈቃድ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። የቧንቧውን ግን ካውንቲው አይሰጥም፤ የሚሰጠው ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ ዋተር ነው። የውኃ ቢል የሚልክላችሁ ያው ድርጅት ማለት ነው፤ በሞንጎመሪም በፕሪንስ ጆርጅስም የቧንቧ ሥራ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሮክቪልና ጌተርስበርግ ከተማ ውስጥ የሚኖር አንባቢ ካለ ደግሞ ከተሞቹ የራሳቸው የሕንፃ ፈቃድ ቢሮ ስላላቸው መጀመሪያ እዚያ ይጠይቅ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ስለሌለው እናንተ በቀጥታ ወደ ካውንቲው ነው የምትሄዱት።

«ፐርሚት ምን ያደርጋል?» ላለው ሰውዬ ደግሞ መልሱ ራሱ የከፈተው ወለል ውስጥ አለ። ባትሪ መብራት ያዢና ወደ ወለሉ ጎንበስ በይ። ጆይስት የሚባሉትን፣ ወለሉን የተሸከሙትን እንጨቶች ታያለሽ። እንደ እናንተ ቤት ባሉ የዚያ ዘመን ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ሁለት በስምንት» የሚባለው ነው፤ ስሙ ስምንት ይበል እንጂ ዛሬ በሚሸጠው ልክ ቁመቱ ሰባት ከሩብ ኢንች ነው። የሕንፃ ደንቡ እንዲህ ያለ እንጨት ውስጥ የሚበሳው ቀዳዳ ከቁመቱ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ይኸውም ወደ 2.4 ኢንች ይመጣል። ቀዳዳው ከእንጨቱ የላይና የታች ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ኢንች መራቅ አለበት። ከላይ ወይም ከታች ተቆርጦ የሚወጣ ጎድጓዳ ደግሞ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ አይበልጥም፤ በእንጨቱ ርዝመት መካከለኛው ሲሶ ላይ ከሆነ ጭራሽ አይፈቀድም።

አሁን አስቢው። ባለ ሁለት ኢንች የፍሳሽ ቱቦ የውጭ ስፋቱ ራሱ ወደ 2.4 ኢንች ይጠጋል፤ በልክ ከተበሳ በጭንቅ ያልፋል። የሽንት ቤቱ ባለ ሦስት ኢንች ቱቦ ግን ውጭው ሦስት ከግማሽ ስለሆነ እንጨቱን አቋርጦ የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ በእንጨቶቹ መካከል ጎን ለጎን ነው መሄድ ያለበት። የቸኮለ ሰው ግን መጋዙን ያነሳና እንጨቱን ከላይ ግማሽ ድረስ ቆርጦ ቱቦውን ያስተኛዋል። ወለሉ ያን ቀን አይወድቅም፤ በሚቀጥለውም ዓመት ላይወድቅ ይችላል። ቀስ እያለ ይረግባል፣ ከታይሉ መገጣጠሚያ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ከዚያ በታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ብቅ ይላል። በየዓመቱ ከማያቸው የረጠቡ ኮርኒሶች ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ነው። የተቆረጠ እንጨት ካየሽ ፎቶ አንሺው፣ ሜትርም አስጠግተሽ አንሺ።

ሁለተኛው የአየር መተንፈሻ ቱቦ ነው። እያንዳንዱ ፍሳሽ ሥር ውኃ የሚያቁር ቆልማማ ቱቦ አለ፤ ያ ውኃ ነው የፍሳሹን ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያግደው። ከበስተኋላው በጣራ በኩል አየር የሚያገኝበት ቱቦ ከሌለ ግን የሚወርደው ውኃ እሱንም ስቦ ይሄዳል፤ ቤቱ መሽተት ይጀምራል፣ ማንም ምክንያቱን አያገኘውም። ሰው ፍሳሹን ሲያዛውር ይኼኛውን ቱቦ አብሮ ማዛወር ይረሳል። «የሻወሩ የአየር ቱቦ የቱ ጋ ነው የተቀጠለው?» ብለሽ ጠይቂው። በጣቱ ማሳየት ካልቻለ የለም ማለት ነው።

የፋኑን ጉዳይ ራስሽ ነቅተሽበታል። የመታጠቢያ ቤት ፋን እርጥቡን አየር ከቤት ውጭ፣ በጣራ ወይም በግድግዳ በኩል ነው መጣል ያለበት። ጣራው ሥር ከተወው በክረምት እንፋሎቱ የቀዘቀዘው እንጨት ላይ ውኃ ይሆንና ሻጋታ ያመጣል። በሚያስፈልግ ሰዓት ብቻ የሚበራ ፋን በደቂቃ ቢያንስ 50 ኪዩቢክ ፊት አየር እንዲያወጣ ይጠበቃል፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። የመብራቱን መስመር በተመለከተ፣ የመታጠቢያ ቤት ሶኬት ኤሌክትሪኩ ወደ ውኃ ወይም ወደ ሰው ሲሾልክ ወዲያው ኃይሉን የሚቆርጥ ጂ ኤፍ ሲ አይ ሊሆን ይገባል፤ የራሱ ባለ 20 አምፒር መስመርም ያስፈልገዋል። ሰውየው ከመኝታ ቤቱ መስመር ላይ ቀጥሎት ከሆነ አንድ ፀጉር ማድረቂያ በበራ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድባችኋል፤ ያረጀ ሽቦ ከሆነ ደግሞ ከዚያም የከፋ ሊመጣ ይችላል።

ኢንስፔክተሩ፣ የፈቃድ ሰጪው መርማሪ፣ የሚመጣው እነዚህን ለማየት ነው። ራፍ ኢን የሚባለው ምርመራ ግድግዳው ሳይዘጋ ይደረጋል፣ የመጨረሻው ደግሞ ሥራው ሲያልቅ። ኢንስፔክተር ታይሉ ቀጥ ማለቱንና ቀለሙ ማማሩን አይቶ አይፈርድልሽም፤ ያ ያንቺ ሥራ ነው።

ስለ ታክሱ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ግምት የሚከለሰው በየሦስት ዓመቱ ነው። ፈቃድ መውጣቱን የስቴቱ የግምት መሥሪያ ቤት ሊያውቅ መቻሉ እውነት ነው፤ አዲስ መታጠቢያ ቤት ወይም አዲስ ክፍል ብትጨምሩ ግምቱ ይነካል። የነበረውን መታጠቢያ ቤት ማደስ ግን አዲስ ክፍል ከመጨመር ጋር አይነጻጸርም። በዚያ ላይ ሆምስቴድ የሚባል የታክስ ቅናሽ አለ፤ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ላይ ታክስ የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይገድባል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመለከተው። ሳያመለክት ለዓመታት ሲከፍል የኖረ ሰው በመካከላችን ስንት እንዳለ ብትሰሚ ይገርምሻል፤ ያመለከታችሁ መሆናችሁን እግረ መንገድሽን አረጋግጪ። ስድስት ወር ያለውም ለአንድ መታጠቢያ ቤት የተጋነነ ነው። ማመልከቻው ኦንላይን ይሞላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው ንድፉ ሳይሟላ መቅረቡ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። ሰውየው ፐርሚት የማያወጣው ስለማያስፈልግ ነው ብዬ አላምንም። ሊያወጣ ስለማይችል ይመስለኛል።

ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር ከስቴቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ላይሰንስ (የሙያ ፈቃድ) ሊኖረው ግድ ነው፤ ኤም ኤች አይ ሲ የሚሉት ነው። ያለ ላይሰንስ መሥራት ወንጀል ነው። ቱቦውን የሚነካው ደግሞ ላይሰንስ ያለው ፕለምበር፣ ሽቦውን የሚነካው ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪሺያን መሆን አለበት። ሕጉ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሁለታችሁ ፊርማ እንዲኖርበት፣ የላይሰንሱ ቁጥር፣ ዋጋው፣ ሥራው በግምት የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን እንዲሰፍርበት ያዛል። ቅድሚያ ክፍያም ከጠቅላላው ዋጋ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። በእናንተ ስምምነት ይህ 6,000 ዶላር ነበር፤ እሱ 9,000 ወሰደ። ያልተጻፈው ውል፣ ካሹ፣ ከሕግ በላይ የሆነው ቅድሚያ ክፍያና «ፐርሚት ምን ያደርጋል» የሚለው ንግግር ከአንድ ቦታ የሚመነጩ ናቸው።

ልሳሳትም እችላለሁ፤ ስለዚህ አጣሪ። የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ወይም የድርጅቱን ስም አስገብተሽ መፈለግ ትችያለሽ፤ በነጻ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። የሌላ ሰው ቁጥር ከሰጠሽ በዚያም አትታለይ። እኛ ዘንድ የጓደኛን ላይሰንስ ተውሶ መሥራት የተለመደ ሆኗል፤ ላይሰንሱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ቤትሽ መጥቶ ካላየሽው ያ ላይሰንስ ላንቺ ምንም አይደለም።

ላይሰንስ ካለው ነገሩ ቀላል ነው። ቁጭ ብላችሁ ውል ትጽፋላችሁ፤ እስከ ዛሬ የከፈላችሁት 9,000 በውሉ ውስጥ ይመዘገባል፤ ፈቃዶቹን እሱ ያወጣል፤ የሚቀረው ገንዘብ በሥራው ደረጃ ይከፈላል። ለምሳሌ ራፍ ኢን ካለፈ በኋላ ጥቂት፣ ታይሉ ሲያልቅ ጥቂት፣ የመጨረሻው ምርመራ ካለፈ በኋላ የቀረው። ለመጨረሻ የምታስቀሩት እሱ ጥሎት ለመሄድ የሚያሳሳው መጠን ይሁን። ጥሏችሁ ቢጠፋ እንኳ ኮሚሽኑ የዋስትና ፈንድ ስላለው እስከ 30,000 ዶላር የደረሰ ጉዳት ልታመለክቱ ትችላላችሁ።

ላይሰንስ ከሌለው ግን ያ ፈንድ አይነካችሁም፤ የሚክሰው ላይሰንስ ባለው ኮንትራክተር ለተጎዳ ብቻ ነው። ቢሆንም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ላይሰንስ የሌለው ሰው በቤት እድሳት ውል ቀሪ ገንዘብ ከቤቱ ባለቤት እንዲያስከፍል አይፈቅዱለትም። ስለዚህ «ቀሪውን ካልሰጣችሁኝ እከሳለሁ» ቢል አትደንግጡ። ለኮሚሽኑም፣ ለካውንቲው የሸማቾች ጥበቃ ቢሮም ማመልከት ይቻላል። 5,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ክርክር በዲስትሪክት ፍርድ ቤት በቀላል ሥርዓት፣ ያለ ጠበቃም ይታያል።

ግን ከፍርድ ቤት በፊት ሽምግልና አለ፤ እኔም መጀመሪያ የምመክርሽ እሱን ነው። የዕቁቡን ሰብሳቢ ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ታላቅ ሰው ይዛችሁ ሰውየውን ጥሩት። ባለቤትሽ ነው መጥራት ያለበት፤ ጓደኝነቱ የሱ ነውና። ስለ ባሕርይው፣ ስለ መቅረቱ፣ ስለ ልጆቻችሁ እንግልት እያነሳችሁ አትጨቃጨቁ፤ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለ ወሬ ማለቂያ የለውም፣ በመጨረሻም «ወንድማማቾች ናችሁ፣ ተቻቻሉ» ተብሎ ይበተናል። ይዛችሁ የምትገቡት ወረቀት ይሁን፤ የተከፈለው ገንዘብ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተገዛው ዕቃ ከነደረሰኙ፣ ሊመለስ የሚገባው ልዩነት። ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ እዚያው ይጻፍ፣ እዚያው ይፈረም፣ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙበት። ይሉኝታው ውል እንዳትጽፉ ካደረጋችሁ፣ ቢያንስ ፍቺው በወረቀት ይሁን። ሁሉንም ገንዘብ ታገኛላችሁ አልልሽም። ግማሹን ካገኛችሁ በጎ ነው፤ አዲስ ኮንትራክተር ከቆመበት ሲቀጥል ሌላ ሰው የጀመረውን ሥራ ስለማይወድ ዋጋ መጨመሩ አይቀርምና።

ለሰውየው አንድ ነገር ልናገርለት። ከኛ መካከል እጃቸው የተባረከ፣ ታይላቸው መስተዋት የመሰለ ሠራተኞች አሉ፤ እንግሊዝኛው ከብዷቸው ወይም ጊዜ አጥተው ፈተናውን ያልተፈተኑ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ላይሰንስ ባለው ኮንትራክተር ሥር ገብቶ ታይሉን ቢሠራላችሁ ደስ ይለኛል። ታይል መለጠፍ ማወቅና የወለል ተሸካሚ እንጨት የት እንደሚቆረጥ ማወቅ ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

አሁን ምን እንደምታደርጊ በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ነገ ጠዋት የተከፈተውን ሁሉ ፎቶ አንሺ፤ ከሰውየው ጋር የተላላክሻቸውን ቴክስቶች አትደምስሺ። ላይሰንሱን አጣሪ። ከዚያ ላይሰንስ ያለው ፕለምበርና ኤሌክትሪሺያን አስጠርተሽ የተሠራውን እንዲያዩትና ምን መስተካከል እንዳለበት በጽሑፍ እንዲሰጡሽ አድርጊ፤ ለዚህ ቢያስከፍሉሽ ክፈያቸው። ፈቃዱ ሥራው ከተጀመረ በኋላም ይወጣል። ያለ ፈቃድ በመጀመራችሁ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ ግድግዳው ክፍት ስለሆነ ግን ኢንስፔክተሩ «ክፈቱልኝ» የሚለው ነገር የለም። ማንም ሠራተኛ «ፐርሚቱን አንቺ በስምሽ አውጪው» ካለሽ እምቢ በይ። የቤቱ ባለቤት በስሟ ስታወጣ ሥራውን እኔ እሠራዋለሁ፣ ኃላፊነቱም የኔ ነው እንዳለች ይቆጠራል። ስንቱ ሰው በዚህ ታስሯል መሰለሽ፤ እስር ቤት ማለቴ አይደለም፣ ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ መቅረቱን ነው።

ቤቱን ስትሸጡ ፈቃድ አለመኖሩ ምን ያመጣል የሚለውን አልጠየቅሽም፤ ባለቤትሽ ግን ይህን ቢሰማ ልቡ ይረታ ይሆናል። በሜሪላንድ ሻጭ በሚሞላው የቤት ሁኔታ መግለጫ ፎርም ላይ ለተደረጉ እድሳቶች ተገቢው ፈቃድ ወጥቶ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። የገዢው ኢንስፔክተርም አዲስ ሻወር አይቶ የካውንቲውን መዝገብ ሲያገላብጥ ባዶ ካገኘ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆንለታል። ውኃ ፈሶ ኮርኒሱ ቢወድቅም ኢንሹራንሱ ሥራውን ማን ሠራው፣ በምን ፈቃድ ብሎ ሊከራከራችሁ ይችላል።

ሌላ ያሳሰበኝ ነገር አቧራው ነው። በ1956 የተሠራ ቤት ውስጥ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ይኖራል ብሎ መገመት ብልህነት ነው፤ ለመኖሪያ ቤት መሸጥ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነውና። ከ2010 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የተቀባ ግድግዳ የሚያፈርስ ኮንትራክተር ለዚሁ ሥልጠና የወሰደና የተመዘገበ እንዲሆን ያስገድዳል። ታይሉን ባንድ ቀን ያፈራረሰው ሰው ፕላስቲክ መጋረጃ ዘርግቶ ነበር? ካልሆነ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ለሐኪማቸው ነግራችሁ የደም ምርመራ ይደረግላቸው፤ ለሐኪሙ የተለመደ ነገር ነው። ከታይሉ ሥር ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆነ የድሮ የወለል ንጣፍና ጥቁር ሙጫ ካለ ደግሞ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር ማንም እንዳይነካው።

ግድግዳው ክፍት ከሆነ አይቀር ለእናትሽ የሚሆነውን አሁን አስገቢ። መያዣ ብረት የሚሰቀልበት ቦታ ላይ፣ በቋሚዎቹ መካከል፣ ወፍራም እንጨት ይመታ፤ ከወለሉ ከ33 እስከ 36 ኢንች ከፍታ ላይ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ እንጨቱ ከሌለ ግን ብረቱ ድራይዎል ላይ ብቻ ይንጠለጠልና እናትሽ ክብደቷን ባሳረፈችበት ቀን ይነቀላል። የሻወሩ ደፍ ጨርሶ ባይኖር ይመረጣል፤ ወለሉ ወደ ፍሳሹ በአንድ ፊት ሩብ ኢንች እያዘቀዘቀ ይሂድ። የወለሉ ታይል ትንንሽ ካሬ ይሁን፣ መገጣጠሚያው ስለሚበዛ አያንሸራትትም። የሻወሩ ቫልቭ ሌላ ሰው ቤዝመንት ውስጥ ውኃ ሲለቅ ድንገት የማያቃጥል ዓይነት ሆኖ ከፍተኛው ሙቀት 120 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ይገደብ። በእጅ የሚያዝ ሻወር ተቀምጦ ለመታጠብ ይመቻል። ሽንት ቤቱንም ከፍ ያለውን፣ መቀመጫው ከ17 እስከ 19 ኢንች የሚደርሰውን ግዢ፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ታይሉ ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ውኃ የማያስገባው ሽፋን መፈተን አለበት። ፍሳሹን ይደፍኑትና የሻወሩን ወለል በውኃ ይሞሉታል፤ የውኃው ልክ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ 24 ሰዓት ቆይቶ ውኃው ከምልክቱ ካልወረደ ታይሉ ይቀጥል። የቸኮለ ሠራተኛ ይህን አይወደውም። አዲሱን ኮንትራክተር ስትመርጪ «ውኃ ሞልተህ ትፈትናለህ?» ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱ ብዙ ነገር ይነግርሻል።

እናትሽ ለገና ስትደርስ ሥራው ላያልቅ ይችላል። ለዚያም ቢሆን አትጨነቂ፤ በገንዳው ጠርዝ ላይ ተሻግሮ የሚቀመጥ፣ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ የሆነ የመታጠቢያ አግዳሚ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ ይሸጣል። ሰው ውጭ ተቀምጦ እግሩን አንድ በአንድ እያነሳ ያስገባል እንጂ መሻገር የለበትም። እህትሽ ቤት ገንዳ ካለ እዚያ አስቀምጪው።

ስለ ገንዳውና ስለ ቤቱ ዋጋ፦ ሕፃን ያላቸው ገዢዎች ቢያንስ አንድ ገንዳ ይፈልጋሉ፤ አንድ ሙሉ መታጠቢያ ቤት ብቻ ላለው ቤት ይህ ትንሽ ሊከብደው ይችላል። ነገር ግን ገንዳው ወጥቷል፣ ቤቱንም ነገ አትሸጡትም፣ እናትሽ ግን አሁን ናት የምትመጣው። ሻወሩን ቀጥሉ። ወደፊት ቤዝመንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ልታደርጉት ካሰባችሁ ገንዳውን እዚያ አስገቡት፤ ለዚያ ሥራ ግን ሲሚንቶው ተሰብሮ ቱቦ ስለሚቀበር፣ የፍሳሹ ደረጃ ዝቅ ካለም ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ስለሚያስፈልግ፣ ፈቃዱን አስቀድማችሁ አውጡ።